ለሞረዳ አንድ፣ ለበቀለች ሁለት

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዶሳ፣

ይህ ደብዳቤ የዚያ አገር ብርድ ሳይጠናብህ ይድረስህ። ስምህን ሳላነሳ ጸሎት የጨረስኩበት ቀን የለም፤ አምላክም ሳይሰለቸው አይቀርም። እኛ ቆመን እንሄዳለን። አባትህና እኔ የወንድማማች ልጆች መሆናችንን ሰው ሁሉ ቢረሳው አንተ እንዳልረሳኸው የላክኸው ኮምፒዩተር ምስክር ነው። ያስያዝካት ነርስ ሳትሰብር ሳታስነካ አድርሳልናለች። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ዞሮ ዞሮ አየውና የሬዲዮ መገናኛ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ መዝግቦት ሄደ። አሁን በባለቤቴ ታይፕ ትምህርት ቤት፣ ማለት በቤታችን የፊት ክፍል፣ እንደ ሙሽራ ሻሽ ለብሶ ተቀምጧል።

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ልጨርስና ወደ ብሶቴ ልግባ። ባለቤቴ ነገራ ነፍሱን ይማረውና ሲሞት ሞረዳ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ነበር። ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ በቀለች ሥራዋን ጥላ መጥታ በአባቷ ወንበር ተቀመጠች፤ አንድም ቀን ሳይዘጋ አቆየችው። ሞረዳ ባለፈው ዓመት እግሩ ቆስሎ ሲመለስ እህቱን ወንበሩ ላይ አገኛት። እሱ የበኩር ልጅ ነኝ ይላል። እሷ ደግሞ አንተ በሌለህበት ጊዜ ማን ነበር ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዳቸው ቢሳሳቱልኝ ኖሮ እንዴት በተገላገልኩ።

አሁን ያንተ ማሽን መጣና እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረበት። የአማርኛ መጻፊያው ለሞረዳ ተከፈተለት፤ ጠዋት ተማሪ ያስተምርበታል፣ ማመልከቻ ይጽፍበታል። በቀለች ግን አዲስ አበባ ተልካ የተማረችው የነጋዴ ሒሳብ ሥራ በዚህ ማሽን አልነሳ አላት። ሌላ ዓይነት ሥርዓት ይፈልጋል አለች። ዲስኬቷን ብታስገባ ብታወጣ እንቢ። ማሽኑም የወንድሜ ወገን ሆነ ብላ ተነሳች። ኑኑ ቁምባ ያለ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል፣ ከዚህ ቤት እሄዳለሁ ትላለች። ሦስት ዓመት አንዱን ልጄን ከጦር ሜዳ ስጠብቅ ኖሬ ሌላዋን በኮምፒዩተር ምክንያት ልጣ? እባክህ አንድ ሌላ ማሽን ላክልኝ።

አክባሪህ አክስትህ፣ አዳዳህ ድርቤ


ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ ኖቬምበር 24፣ 1988

ለተከበሩ አዳዳ ድርቤ፣

በእጅዎ የጋገሩትን ዳቦ ሳልጠግብ የወጣሁ ልጅዎ ከሩቅ እጅ ነሳሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እንደ ልጅነቴ የተቆጡኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ እዚህ በዘጠኝ ሰዓት ይመሻል፣ ሌላ የማማርረው የለኝም።

አዳዳ፣ ሌላ ማሽን አልልክም። ያንን ያገኘሁት የምሠራበት ትምህርት ቤት አሮጌዎቹን ሲያስወጣ ነው፤ ሁለተኛ የሚሰጠኝ የለም። ደግሞም አያስፈልግም። ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሳና ሌላውን ሥራ የሚያዝ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። የሞረዳው ዶስ ነው። በቀለች የተማረችበት ዜኒክስ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ አንዱ የሌላውን አያነብም። ግን የማሽኑን ማኅደር፣ ማለት ሃርድ ዲስኩን፣ ለሁለት ከከፈልነው አንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ማሽን አይጨመርም፣ ሰውም ከቤት አይወጣም።

የዜኒክሱን ዲስኬቶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደዚያ በሚመለስ ሰው ልኬያለሁ። እያንዳንዱ እርምጃ በሌላኛው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሦስት ነገር ብቻ አደራ። አንደኛ፣ ሲከፈል በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ሞረዳ የጻፈውን አስቀድሞ በዲስኬት ይገልብጥ። ሁለተኛ፣ ዶስ ቀድሞ ይግባ፤ ዜኒክስ ኋላ። ሦስተኛ፣ ለዶስ ሩብ ይበቃዋል፣ ሦስቱን እጅ ለዜኒክስ ስጡ፤ ሒሳብ ቦታ ይበላል፣ ማመልከቻ አይበላም። ይኸው ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ልጅዎ ኢዶሳ


ነቀምቴ፣ ጥር 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለኢዶሳ፣ ለባለ ግማሽ ቀን ሥራው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ጤናም ከደጅህ አይራቅ። በመጀመሪያ የፈረንጅ ቀን እየጻፍክ አትላክልኝ። ኖቬምበር የቱ ጋ እንደሚውል ለማወቅ እስከ ትምህርት ቤት ሰው ሰደድኩ።

ደብዳቤህን በቀለች ጮክ ብላ አነበበችው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለብቻዬ ባነበው ኖሮ። ለዶስ ሩብ የሚለው ላይ ስትደርስ ሞረዳ ክራንቹን አንስቶ ቆመ። እኔ አንጋፋው ሩብ፣ እሷ ሦስት እጅ? ኢዶሳን ማን ገዛው? አለ። እሷ ደግሞ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችለት። ቦታ የሚበላው ሒሳብ ነው ብለህ ብትምል የሚሰማህ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑ ሳይነካ ቆሞ ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጠበቁት።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ጠራሁ። ምን ላድርግ? ኦቦ ባቻ መጡ፤ የአባታቸው ጓደኛ፣ የስንቱን ርስትና ስንቱን ትዳር ያስታረቁ ሰው ናቸው። ከመንገድ ማዶ ሱቅ ያለው ጉራጌው ገብረመስቀልም ለጎረቤትነቱ ተጨመረ። ኦቦ ባቻ የሚከፈለውን ሳላይ አልፈርድም አሉ። የማሽኑን ክዳን ፈትተን ሃርድ ዲስኩን አሳየናቸው። የታሸገ ብረት ነው፣ ድንበር የለው፣ ምልክት የለው። ብዙ አሰቡና የአንድ አባት ልጆች ናችሁ፣ እኩል ለእኩል ተካፈሉ አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ። እኔም እልልታዬን ልለቅ ስል ገብረመስቀል ቆይ አለ። ሱቅ ሲከፈል መደርደሪያው ቀላል ነው፣ ጭቅጭቁ በሩ ላይ ነው፤ ይሄ ነገር ሲበራ የማን በር ነው የሚከፈተው? ብሎ ጠየቀ። ኦቦ ባቻም በር የአንጋፋ ነው፣ የሞረዳው ይከፈት ብለው ፈረዱ። መረቅን፣ ጸለይን፣ በላን።

ከፈልነው። ግማሽ ለግማሽ። ዶስ ቀድሞ ገባ፣ ዜኒክስ ኋላ ገባ፣ ያልከው ሁሉ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በበራ ቁጥር የሚመጣው የሞረዳው ብቻ ነው። የበቀለች ግማሽ ውስጥ አለ ይባላል እንጂ መግቢያ የለውም። ግድግዳ ውስጥ ቀበራችሁኝ ትላለች። የኑኑ ቁምባውን ሰው ደግማ አነጋግራዋለች። በሩን ንገረን፣ ቶሎም ንገረን። መነጽሬም ተሰብሯል፤ ወደዚህ የሚመለስ ሰው ካለ አስይዝልኝ።

አዳዳህ ድርቤ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ፣

ሰላምታዬ የላቀ ነው፤ ቀኑንም እንዳዘዙኝ አስተካክያለሁ። ኦቦ ባቻን እጅ ይንሱልኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ግን አያንብቡላቸው።

አዳዳ፣ ሃርድ ዲስክ መሬት አይደለም። እኔ ሩብ ያልኩት ለሞረዳ ሩብ ክብር ማለቴ አይደለም። አሁን የሞረዳ ግማሽ ባዶውን ይተኛል፣ የበቀለች ግማሽ በዓመቱ ይሞላል፣ ያን ጊዜ ምን ልትሉኝ ነው? እንደገና ለመክፈል ሁሉንም ማጥፋት ሊኖርባችሁ ነው። አንድ ሰው እንኳ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ ቢሆን ገጽ አራት ላይ በሩ ተጽፎ ነበር። ሽማግሌ ከመጥራት ገጽ መግለጥ ይቀል ነበር።

ይኸው እደግመዋለሁ። ማሽኑ ሲበራ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ክፍል ተረኛ ተብሎ የተመዘገበው የትኛው ነው? ያንን ያነሳል። አንጋፋ አያውቅም፣ ታናሽ አያውቅም። ስለዚህ ሞረዳ ሥራውን ሲጨርስ ዝም ብሎ እንዳያጠፋው። ኤፍዲስክ ብሎ ይግባ፣ ተረኛውን መቀየር የሚለውን ይምረጥ፣ ሁለት ብሎ ከዚያ ያጥፋ። በቀለች ስታበራው የሷ ይከፈታል። እሷም ስትጨርስ በዚያው መንገድ አንድ ብላ ለሱ ትመልስለት። ልብ ይበሉ፣ ተራውን የሚለውጠው ውስጥ ያለው ሰው ነው። የሚወጣው ለሚገባው ማስረከብ አለበት። ይህን ያህል ነው። ልጆች አይደሉም።

መነጽሩን ጠይቄያለሁ፤ የዓይንዎ ቁጥር ያስፈልገኛል።

ልጅዎ ኢዶሳ


ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዶሳ፣

ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ከሁሉ በላይ ግን ልጅ ሲሰጥህ አንድ ብቻ ይስጥህ።

ልጆች አይደሉም አልክ። ና እና እያቸው። በሩ ተገኘ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የበቀለች ሒሳብም ተነሳላት፣ ከገበያ መንገድ ያሉ ነጋዴዎች ደረሰኛቸውን በከረጢት እያመጡ ይሰጧታል። ጠዋት የሞረዳ፣ ከሰዓት የሷ ተባለ። ታዲያ ሞረዳ አንድ ቀን ያስረክባል፣ አንድ ቀን ረሳሁት ይላል። ሳያስረክብ አጥፍቶት ሲሄድ እሷ ስታበራው የሱ አማርኛ ድቅን ይልባታል። ያን ጊዜ ጓሮ ድረስ፣ እሱ የሚያድርበት ሰርቪስ ቤት ድረስ ትሮጣለች። በሩን ትደበድባለች። የአባታችንን ወንበር ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ማለፊያውንም ትዘጋብኛለህ ትለዋለች። እሱ እኔ ግንባር መሣሪያዬን አስረክቤ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ለአንቺ ማሽን ማስረከብ ነው የቀረኝ ይላታል። ከዚያ እያነከሰ መጥቶ፣ እየተሳደበ አስረክቧት ይሄዳል። በማግስቱ እሷ ትረሳለች። ሁለቱም ሲረሱ አይቼ አላውቅም፤ በተራ ነው የሚረሱት።

አንዳንዴ ደግሞ ማስረከቡ ሳያልቅ መብራት ይሄዳል። ያን ጊዜ ተረኛው ማን እንደሆነ መብራት እስኪመጣ ድረስ ክርክር ነው። የገብረመስቀል ደንበኞች ስኳር ገዝተው አይሄዱም፣ ቆመው ያዳምጣሉ። ገበያ ደራልኝ ይላል እሱ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። ሞረዳ ምሳ ሲበላ ስለ ማስረከብ፣ በቀለች እራት ስትበላ ስለ ማስረከብ። ራሴን አዞረኝ።

ሰው ሳያስረክብ የሚገባበት መንገድ የለም? አንተ ያልተማርከው የለ። እባክህ አንድ ነገር ፈልግ፣ አለበለዚያ ይቺ ልጅ ጓዟን ጠቅልላ ትሄድብኛለች።

አዳዳህ ድርቤ

የዓይኔ ቁጥር ምን እንደሆነ አላውቅም። የሩቁ ደህና ነው፣ የቅርቡ ነው የደከመኝ።


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 25 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ ድርቤ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታዎን። ግንቦት ላይ ሬዲዮ የተናገረውን ሰምቼ ስልክ ብሞክር አልገባልኝም፤ ደህና መሆናችሁን ከአንድ የመጣ ሰው ሰምቼ ተረጋጋሁ። ስለዚያ ሌላ አልጽፍም።

የዘገየሁት ግን በሥራ ነው፣ በእናንተው ሥራ። ከሥራ በኋላ አንድ ስዊድናዊ ባልደረባዬን ይዤ ያንን ማሽን የሚመስል ሌላ አሮጌ ማሽን ላይ አንድ ወር ሙሉ ስደክም ነበር። ሁለቱ ሥርዓቶች ሳይነሱ በፊት የምትነቃ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። ማሽኑ ሲበራ ጥቁሩ ስክሪን ላይ በእንግሊዝ ፊደል ትጠይቃለች፤ ለሞረዳ አንድ፣ ለበቀለች ሁለት። ሞረዳ አንድን ይነካል፣ የሱ ይከፈታል። በቀለች ሁለትን ትነካለች፣ የሷ ይከፈታል። ማስረከብ የለ፣ መረሳሳት የለ፣ መብራት ቢሄድም ባይሄድም ግድ የለም። በሩ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ለገብረመስቀል ይንገሩልኝ።

ባልደረባዬ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለምን አይነጋገሩም ብሎ ጠየቀኝ። ለማስረዳት ብሞክር ስዊድንኛዬ አልበቃ አለኝ። አሁን መነጋገር አያስፈልጋቸውም አልኩት።

ዲስኬቷን በማሽኑ አስገብተው ሲያበሩት ራሷ ትገባለች። ሁለት መነጽር አብሬ ልኬያለሁ፣ የተሻለዎትን ይያዙ። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኢዶሳ


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዶሳ፣

ክረምቱ በርትቷል፣ እኛ ደህና ነን። ዲስኬቷ ደርሳ ገብታለች፣ እንዳልከውም ትሠራለች። መነጽሩ ትልቁ ልኬ ሆኗል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እጅህ ይባረክ።

ድርቤ


ጎተንበርግ፣ መስከረም 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ፣

አዲሱ ዓመት ለቤትዎ የጤናና የጥጋብ ያድርግልዎ።

አዳዳ፣ አንድ ወር የደከምኩበት ነገር መልሱ ከቴሌግራም ያጠረ ወረቀት ሆኖ መጣልኝ። እርስዎ ስለ ዶሮዎ እንኳ ሁለት ገጽ የሚጽፉ ሰው ነዎት። አንዳች ነገር ተበላሽቶ ደብቀውኝ ነው? ወይስ በቀለች ቦታ ሞልቶባት ነው? እንደዚያ ከሆነ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር። የሞረዳ ክፍል ምን ያህሉ ባዶ እንደሆነ አይታችሁ ጻፉልኝ። ደግሞ ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዳቸው የይለፍ ቃል ልጨምርበት እችላለሁ፤ ቃሉን የማያውቅ የሌላውን በር እንዳይነካ። ይህኛው ቀላል ሥራ ነው። እንደምትፈልጉት ይንገሩኝ፣ ዝም አይበሉኝ።

ልጅዎ ኢዶሳ


ነቀምቴ፣ ኅዳር 27 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዶሳ፣

የአባቶችህ አምላክ በባዕድ አገር ይጠብቅህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የምጽፍበት አፍ አጥቼ ነው የዘገየሁት።

የተበላሸ ነገር የለም። የለፋህበት ሁሉ እንደ ሰዓት ይሠራል፣ ብሶቴም እሱው ነው። ሞረዳ ጠዋት ይገባል፣ አንድን ይነካል፣ ያስተምራል፣ አጥፍቶ ይወጣል። በቀለች ከሰዓት ትገባለች፣ ሁለትን ትነካለች፣ ትሠራለች፣ አጥፍታ ትነሳለች። መጀመሪያ ሰሞን እፎይ አልኩ። ገብረመስቀል እንኳ ምነው ቤታችሁ ዝም አለ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ኢዶሳ አስታረቃቸው አልኩት፤ ይኸን በአፌ ተናግሬያለሁ። ከዚያ ግን ሳየው አልታረቁም። ተላቀው ቀሩ እንጂ። ሞረዳ ምሳውንም ሆቴል መብላት ጀመረ። በአንድ ግቢ እየኖሩ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ እንዴት አደርሽ መባባል ቀረ። ያ ስድብ፣ ያ በር መደብደብ፣ ለካ እሱ ነበር የቀራቸው ዝምድና። ሲጣሉ ይነጋገሩ ነበር ልጄ። ቢያንስ ይነጋገሩ ነበር። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ጽፌ እሱኑ አጥፋልኝ አልኩህ።

ጥቅምት ላይ ቢላ የምትኖረው እህቴ ባሏ ሞቶባት ለለቅሶ ሄድኩ። መንገዱ ተበላሽቶ ያሰብኩትን ያህል ሳልመለስ ቆየሁ። እኔ በሌለሁበት የሞረዳ እግር አመረቀዘ፤ ከጦር ሜዳ ውስጡ የቀረች የብረት ስባሪ ነበረችው። ትኩሳት ወድቆበት ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ተኛ። ተማሪዎቹ ጠዋት መጥተው አስተማሪ ሲያጡ እየሳቁ ወደየቤታቸው ሄዱ። በቀለች አሁን ጠዋት ራሷ ከነጋዴ ሱቅ ደረሰኝ ስትሰበስብ ታረፍዳለች። ከሰዓት ትመጣለች፣ ማሽኑ ጠፍቶ ታገኘዋለች፣ ሁለትን ትነካለች፣ ይከፈትላታል፣ ትሠራለች። በማግስቱም እንዲሁ። በማግስቱም። ወንድሟ ከጀርባዋ፣ ጮክ ቢል በሚሰማበት ጓሮ ውስጥ ውኃ የሚሰጠው አጥቶ ይቃትታል።

እኔ ስደርስ አላወቀኝም። ነገራ እያለ በአባቱ ስም ጠራኝ። ገብረመስቀል የጭነት መኪና ለምኖልን ሐኪም ቤት አደረስነው፤ ስባሪዋ ወጣች፣ እግሩ አልተቆረጠም፣ አሁን ተቀምጦ ይበላል። ተረፈልኝ። ሐኪሙ ግን ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

በቀለች ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማ አልገባም አለች። ምን ብዬ ነው የምገባው አለችኝ። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «እማዬ፣ በፊት ቢሆን ኖሮ ሳያስረክበኝ ሄደ ብዬ ያን ቀን ሄጄ በሩን እሰብርበት ነበር።»

እኔም ይህን ሰምቼ ነው የምጽፍልህ። እሱ ከሐኪም ቤት ወጥቷል፣ እሷም ሾርባ ሠርታ በልጅ ትልክለታለች፣ በእጇ ግን አትሰጠውም። እሱም ሳህኑን አጥቦ ደረጃው ላይ ያስቀምጥላታል። ተፋፍረው ቀሩ። ከዚህ በፊት ቢያንስ ተናደው ይገናኙ ነበር፣ አሁን እፍረቱ ለያያቸው። የኑኑ ቁምባው ሥራ ከጥር መጨረሻ ይጀምራል ተብላለች፣ መልስ ሳትሰጥ ይዛዋለች።

የይለፍ ቃል እንዳትጨምርብኝ። ያችን የላክኻትን ነገር አውጣልኝ። መረካከቡን መልስልኝ።

አዳዳህ ድርቤ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ፣

ስለ ሞረዳ ሳነብ ክው ነው ያልኩት። መትረፉን እስካነብ ድረስ አልተቀመጥኩም። እግዚአብሔር ይመስገን። ሞረዳን ይሳሙልኝ አልልም፤ በቃ እንዳስፈራኝ ይንገሩልኝ።

የጠየቁኝን አልወደድኩትም። በዓለም ላይ ሰው ሁሉ ማሽን እንዲቀልለት ይለምናል፣ እርስዎ እንዲከብድ ይለምኑኛል። ሁለቱም ያደጉ ሰዎች ናቸው። ጠርተው አንድ ጊዜ አቀራርበው ሰላም ተባባሉ ቢሏቸው ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሰላምታ ፕሮግራም አይፈልግም። ለባልደረባዬ የሠራነውን ሊያስወጡት ነው ስለው በሣቅ ሞተ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ሄዶ ሉሌዮ የምትኖር እናቱ ጋ ደወለ።

ለማውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያችኑ ዲስኬት አስገብተው ያብሩ፤ ኤክስ የሚለውን ፊደል ይጫኑ፤ ስትጠይቅዎ ዋይ ይበሉ። የጻፉት ነገር አይነካም፣ በሩ ብቻ ነው ወደ ድሮው የሚመለሰው። ከዚያ መጨረሻ ያስረከበው ሰው ማንም ይሁን፣ ተራው እዚያው ይቀራል። ተራው የማን እንዲሆን እንደሚፈልጉ አስቀድመው ያስቡበት። እርስዎ ከማሽን ጋር ስለማይስማሙ በቀለች ታድርግልዎ።

ልጅዎ ኢዶሳ


ነቀምቴ፣ የካቲት 2 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዶሳ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ ስዊድናዊውንም እናቱን ስለደወለላት ባርኬዋለሁ።

ሰላም ተባባሉ በላቸው አልክ። አንተ ሳህኑ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ አላየህም። አንዳቸውን ብጠራ ሌላው በጓሮ በር ይወጣል። ደግሞ ከማሽን ጋር አትስማሚም ላልከኝ፣ እኔ ነገራ ይህን ትምህርት ቤት ሲከፍት የመጀመሪያዋ ተማሪ ነበርኩ፤ ጣቶቼ ያንተን እናት ሳያገባ ለአባትህ ማመልከቻ ጽፈዋል። ለበቀለች አልነገርኳትም። ለሞረዳም አልነገርኩትም። እሁድ ሁሉም እኛ ለጸሎት በምንሰበሰብበት ቤት ሳሉ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። መነጽሬን አደረግሁ፣ ዲስኬቷን ከተትኩ፣ ኤክስ አልኩ፣ ዋይ አልኩ። ከዚያ አበራሁት፣ ምንም ሳይጠይቀኝ የሞረዳው ተከፈተ። አይሆንም አልኩ። አንጋፋው ቢገባለት ቁጭ ብሎ ይሠራል እንጂ ማንን ይጠራል? እሷም ከሰዓት ቢዘጋባት ዲስኬቷን ይዛ ኑኑ ቁምባ ትሄዳለች። ስለዚህ አንተ ቀድሞ በጻፍከው ወረቀት ገጽ አራት ላይ እንዳለው ተራውን ለበቀለች አድርጌ አጠፋሁት። ገጽ አራትን አነበብኩት ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ መጡ። እኔ በረንዳ ላይ አተር ስፈለፍል ነበር። ሞረዳ ክራንቹን እያንኳኳ ገባ፣ አበራው። የእህቱ ተከፈተበት። ደግሞ አጠፋው፣ አበራው። ተማሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አጠፋው፣ አበራው። በቀለች መኝታ ቤት ሆና ከረጢቷን እያሰናዳች ነበር፤ እንቅስቃሴዋ ሲቆም ይሰማኛል። እኔም እጄ አተሩ ላይ ቆመ። ልጄ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ልጄ ውትድርና ሲሄድ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

«አንቺ በቀለች፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ሳታስረክቢ ነው እንዴ የሄድሽው?» አለ ሞረዳ።

ስሟን ከጠራ ስንት ወሩ ነበር። እሷም ከውስጥ እንዴት ሆኜ ነው የማላስረክበው፣ ያ የኢዶሳ ዕቃ ነው የተበላሸው እያለች ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ወጣች። ባጠገቤ ስታልፍ ቀሚሷ አተሬን ደፋው። ገባች። አንተ ነህ የነካካኸው አለችው። እኔ ምኑን ነው የምነካው አላት። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት፣ ተቀመጠች፣ ተራውን ለሱ መለሰችለት። ከዚያ አልተነሳችም። እግርህ እንዴት ነው ብላ እየተቆጣች ጠየቀችው፤ እሱም ሾርባሽ ጨው የለውም አላት። በዚህ ተጀመረ። እስከ ምሳ ድረስ ጩኸቱ ገብረመስቀል ሱቅ ይሰማ ነበር፣ ሁለቱም ባንድ አፍ አንተን ሲሰድቡ። የማይሠራ ነገር ሠርቶ ላከብን አሉ። ስዊድን ተምሮ አልተማረም አሉ። ሌላም ብለዋል፣ አልጽፍልህም።

የኑኑ ቁምባውን ሰው በቀለች ትናንት እንቢ ብላ አሰናብታዋለች። ማሽኑ ሲበላሽ ጥዬ አልሄድም ነው ያለችው።

ሁለቱም ላንተ ደብዳቤ ሊጽፉ ነው። ያ አንድ ወይስ ሁለት ብሎ የሚጠይቀው በር እንዲመለስላቸው አዲስ ዲስኬት ላክልን ይሉሃል፤ ሞረዳ በአማርኛ ይተይባል፣ እሷ ከጎኑ ቆማ ታርመዋለች፣ እስካሁን አንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀን ሲጨቃጨቁ ነው። ስድቡን ተሸከምልኝ፣ የኔ ልጅ። ሲደርስህ ግን መልስ እንዳትሰጣቸው።

አዳዳህ ድርቤ